የሜይል ሰርቨራችን ሌሊት ሌሊት ለማን ነው የሚልከው?

ጥያቄ፦ «የምሠራው ኮምቦልቻ ባለ አንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ነው። የሜይል ሰርቨራችን እዚሁ ቢሮ የተቀመጠ ነው፤ የሚሠራበት ፕሮግራም ፖስትፊክስ ይባላል። ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት ገጠመን። ሌሊት ሌሊት የማናውቃቸው በሺዎች የሚቆጠሩ መልእክቶች በሰርቨሩ ይወጣሉ፤ ጠዋት ስገባ ለመላክ የሚጠባበቁት መልእክቶች ወረፋ ሞልቶ አገኘዋለሁ። ጂሜይል ላይ ላሉ ደንበኞች የምንልከው ደግሞ ወይ ይመለሳል ወይ ስፓም ውስጥ ይገባል። በዚያው ሰሞን ደሴ ያለ አንድ አስመጪ ‹የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል› የሚል ኢሜይል በሥራ አስኪያጃችን አድራሻ ደረሰው። ደግነቱ ከመክፈሉ በፊት ደወለልን። የሁሉንም ሠራተኛ ፓስወርድ ቀየርኩ። አንቲቫይረስም ጫንኩ። ምንም ለውጥ የለም። አንዱ ጓደኛዬ ‹ኤስፒኤፍ ብቻ አስገባ፣ ይበቃል› ይለኛል። ሌላው ‹አይፒ ቀይሩ› ይላል። የትኛውን ልስማ?»

ሁለቱንም ምክር ለጊዜው ያቆዩት። የገጠማችሁ አንድ ችግር አይደለም፤ ሁለት ነው። በመጀመሪያው፣ ሰርቨራችሁን ሌላ ሰው እየላከበት ነው። በሁለተኛው፣ ስማችሁን ሌላ ሰው እየጻፈበት ነው። በአንድ ሳምንት ስለመጡ አንድ ይመስላሉ። ነገር ግን በሥራ አስኪያጃችሁ ስም ኢሜይል ለመላክ የእናንተ ሰርቨር ጨርሶ አያስፈልግም። ከየትኛውም አገር፣ ከየትኛውም ኮምፒውተር ይቻላል።

ስለዚህ የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሠራም። ኤስፒኤፍ በስማችሁ ኢሜይል መላክ የሚፈቀድላቸው አይፒዎች (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሮች) ዝርዝር ነው፤ ሰርቨራችሁን ከመጠቀም ማንንም አይከለክልም። እንዲያውም ሰርቨሩ ክፍት እያለ ኤስፒኤፍ ቢያስገቡ ነገሩ ይብሳል። ምክንያቱም ኤስፒኤፍ ለዓለም የሚናገረው «ከዚህ አይፒ የሚወጣው የእኛ ነው» ብሎ ነው። ሌባው በዚያው አይፒ ሲልክ መልእክቱ ሕጋዊ ይሆንለታል። ኢሜይልን በሰርቨሩ ቁልፍ የሚፈርመው ዲኪምም እንዲሁ ነው፤ ሰርቨሩ የታመነ ላኪ ነው ብሎ ላሳለፈው ሰው ፊርማችሁን ያትምለታል። ቅደም ተከተሉ የማይለወጥ ነው፤ መጀመሪያ ሪሌይ (ሌላ ሰው በሰርቨራችሁ በኩል መላኩ) ይዘጋል፣ ከዚያ ስም ይጠበቃል።

ፓስወርድ መቀየሩ ለምን እንዳልረዳ አሁን መገመት አያቅትም። ሰርቨሩ ፓስወርድ የማይጠይቀው ሰው ካለ፣ ፓስወርዱን መቶ ጊዜ ቢቀይሩት ያንን ሰው አይነካውም። አንቲቫይረሱም የሚያየው አባሪ ፋይል ነው። ማን መላክ እንደሚፈቀድለት የሚወስነው እሱ አይደለም። ሁለቱም ጥሩ ነገሮች ናቸው፤ የዚህ ችግር መልስ ግን አይደሉም።

ሪሌይ ማለት አንድ ሰርቨር የራሱ ያልሆነን መልእክት ተቀብሎ የራሱ ወዳልሆነ አድራሻ ማሳለፉ ነው። የኢሜይል መላኪያው ደንብ ኤስኤምቲፒ እ.ኤ.አ. በ1982 በጆን ፖስተል ሲጻፍ ይህ እንደ ነውር አይታይም ነበር። ኔትወርኮቹ ጥቂት፣ መስመሩም የተቆራረጠ ስለነበር አንዱ ሰርቨር የሌላውን መልእክት ማድረሱ ትብብር ነበር። የላኪው ስም እውነት ይሁን አይሁን የሚያጣራ ነገርም ደንቡ ውስጥ አልገባም። ስፓም ከመጣ በኋላ ትብብሩ መዘዝ ሆነ። በዘመኑ እጅግ የተስፋፋው የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም ሴንድሜይል ሪሌይን ከጅምሩ ዘግቶ መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 በ8.9 ሥሪቱ ነው። ፖስትፊክስም ዛሬ እንደተጫነ ክፍት አይደለም። ክፍት ከሆነ ከተጫነ በኋላ አንድ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜም የተከፈተው ሥራ ለማቅለል ተብሎ ነው።

የት ጋ እንደተከፈተ የሚነግራችሁ ሎጉ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሚሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል ነው። ሌሊት ከወጡት መልእክቶች አንዱን ይምረጡ። የወረፋ ቁጥሩን ይዘው ሎጉ ውስጥ ከመግቢያው ጀምሮ ይከተሉት። ሎጉ በፈረንጅ ሰዓት መሆኑን አይርሱ፤ 23 ሰዓት ያለው በእኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው። አገባቡ ከአራት ነገሮች አንዱን ያሳያል።

መስመሩ ላይ የሠራተኛ መለያ ስም ካለ፣ የዚያ ሰው ፓስወርድ ተሰርቋል። ሁሉንም ቀይሬያለሁ ስላሉ ይህ የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። ቢሆንም «ኢንፎ»፣ «ስካን»፣ «ቴስት» የሚባሉ የተረሱ አካውንቶችን ይፈትሹ። ሰዎች የሚቀይሩት የሰውን ፓስወርድ ነው፤ የማሽኑ ይረሳል። መልእክቱ ከውጭ ሳይሆን ከዚያው ማሽን ከተነሣና ላኪው የዌብ ሰርቨሩ ተጠቃሚ ከሆነ፣ ጥፋቱ ዌብሳይቱ ላይ ያለው «ያግኙን» ቅጽ ነው። ሰርቨሩ ራሱን ስለሚያምን ቅጹን ያለጥያቄ ያሳልፈዋል። መነሻው የአንድ ቢሮ ኮምፒውተር አይፒ ከሆነ ያ ኮምፒውተር ተበክሏል፤ ዛሬውኑ ኬብሉን ይንቀሉት።

አራተኛው ላይ ልቆይ። ከነገሩኝ ሁሉ የሚያስጠረጥረኝ እሱ ነው። ሎጉ ላይ የሁሉም መነሻ የራውተራችሁ የውስጥ አድራሻ ሆኖ ያገኙት ይሆናል፤ ለምሳሌ 192.168.1.1። ይህ የሚሆነው ራውተሩ ፖርት 25ን፣ ማለትም ሰርቨሮች ኢሜይል የሚቀባበሉበትን በር፣ ወደ ሰርቨሩ ሲያሳልፍ የመጪውን ሰው አይፒ ደብቆ በራሱ አይፒ ሲተካው ነው። ራውተሩን ያስተካከለው ባለሙያ «ማስከሬድ» የሚባለውን ትእዛዝ ለወጪውም ለገቢውም አንድ ላይ ሰጥቶት ይሆናል። ኢንተርኔቱ ስለሠራ ማንም ልብ አይለውም። በሌላ በኩል ፖስትፊክስ ውስጥ «ማይኔትወርክስ» የሚባል መስመር አለ። እዚያ የተጻፈ አድራሻ ሁሉ ያለ ፓስወርድ መላክ ይችላል። እዚያ ላይ ሙሉው የቢሮ ኔትወርክ፣ 192.168.1.0/24፣ ከተጻፈ ራውተሩም ውስጥ አለበት። ሁለቱ ሲገናኙ በዓለም ያለ ሰው ሁሉ ለሰርቨራችሁ የቢሮ ሠራተኛ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም ለየብቻ ሲታዩ ትክክል የሚመስሉ ናቸው። ችግሩ ተደብቆ የሚቆየውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው 3.0 ሥሪት በፊት ደግሞ ፖስትፊክስ ራሱ ማሽኑ ያለበትን ሰብኔት (የውስጥ ኔትወርክ ክፍል) በሙሉ በነባሪ ያምን ነበር። አሮጌ ማሽን ከሆነ ማንም ሳይጽፈው እንዲህ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ በሁለቱም በኩል ነው። ራውተሩ ላይ ለገቢ መስመር ማስከሬዱን ያጥፉ፤ ሰርቨሩ የመጪውን እውነተኛ አይፒ ማየት አለበት። ያለዚያ ሰርቨራችሁ የሚመጣለትን መልእክት በኤስፒኤፍም በብላክሊስትም (በስፓም ላኪ አይፒዎች ዝርዝር) ማጣራት አይችልም፤ የሚያየው ራውተሩን ብቻ ነውና። ማይኔትወርክስ ላይ ደግሞ ማሽኑን ራሱን፣ ማለትም 127.0.0.0/8ን ብቻ ያስቀሩ። የቢሮው ሰው ሁሉ፣ ሥራ አስኪያጁም ጭምር፣ በስምና በፓስወርድ ይግባ።

እዚህ ላይ «የስካነሩ ነገርስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ዲክላራሲዮንና የጭነት ሰነድ ስካን አድርጎ በኢሜይል የሚልከው ማሽን ብዙ ጊዜ አሮጌ ነው፤ የተመሰጠረ መስመር አያውቅም። ለእሱ ሲባል ሙሉ ኔትወርክ የሚከፈትባቸው ቢሮዎች ብዙ ናቸው። አይክፈቱ። ለማሽኑ የማይለወጥ አይፒ ይስጡትና ያንን አንድ አይፒ ብቻ ማይኔትወርክስ ላይ ይጨምሩ። ከዚያም ከቢሮው አድራሻዎች ውጭ እንዳይልክ ይገድቡት።

ፖርቶቹንም ይለዩ። 25 ከሌሎች ሰርቨሮች ለመቀበያ ብቻ ይሁን፤ እሱ ላይ ፓስወርድ መቀበልን ጭራሽ ያጥፉ። ሠራተኞች በ587 ወይም በ465፣ በተመሰጠረ መስመር ይግቡ። የሪሌይ ደንቡ ሦስት እርከን ብቻ ይኑረው፦ በማይኔትወርክስ ውስጥ ያለ ይፈቀድ፤ በፓስወርድ የገባ ይፈቀድ፤ የቀረው የእኛ ወዳልሆነ አድራሻ ከሆነ ይከልከል። ከዚህ በላይ የተንዛዛና ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ደንብ ካገኙ ያጥፉት። ፋየርዎሉ ላይ ደግሞ ከሜይል ሰርቨሩ በቀር ማንም የቢሮ ኮምፒውተር በ25 ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይዝጉ። የተበከለ ላፕቶፕ በቀጥታ ቢልክም የሚበላሸው የእናንተው አይፒ ነው።

ሌላም ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። በፓስወርድ የገባ ሰው በራሱ አድራሻ ብቻ እንዲልክ ያስሩት። ፖስትፊክስ የመግቢያ ስምንና የላኪ አድራሻን የሚያመሳክር ደንብ አለው። ካልታሰረ የመጋዘን ሠራተኛው አካውንት ቢሰረቅ፣ ሌባው በእሱ ገብቶ በሥራ አስኪያጁ ስም ይጽፋል። ያ ደግሞ ከራሳችሁ ሰርቨር የወጣ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

ሙከራው ከቢሮ ውጭ መሆን አለበት። ከቢሮ ሆኖ ሞክሮ «ተከልክሏል» ወይም «ሠርቷል» ማለት ምንም አያሳይም። በስልክ ኢንተርኔት ወይም ሌላ ቦታ ካለ ሰርቨር ላይ ሆነው ቴልኔት በሚባለው የመገናኛ ትእዛዝ ወደ ፖርት 25 ይግቡ። ላኪውንም ተቀባዩንም የእናንተ ያልሆነ አድራሻ ያድርጉ። ሰርቨሩ በ554 ወይም በ454 ቁጥር «ሪሌይ አይፈቀድም» ካለ ጥሩ ነው። በ250 እሺ ካለ ገና ክፍት ናችሁ። ራውተር በተነካካ ቁጥር ሙከራውን ይድገሙት።

የሞላውን ወረፋ በአንድ ትእዛዝ አይደምስሱት። ውስጡ እውነተኛ የደንበኛ ሰነድ ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ ሁሉንም ያግዱ፣ ከዚያ በላኪ እየለዩ የስፓሙን ብቻ ያጥፉ፣ የቀረውን ይልቀቁ። ከማጥፋታችሁ በፊት ሎጉንና ጥቂት ናሙና መልእክቶችን ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። አስመጪው የደረሰውን የሐሰት ኢሜይል እንዳያጠፋውም ይንገሩት። ፎቶው ሳይሆን ሙሉ ራስጌው (ከየት በየት እንደመጣ የሚያሳየው የላይኛው ክፍል) ያለበት ኦሪጅናሉ ነው የሚፈለገው። ጉዳዩ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚታይ ነው፤ ለፖሊስም ለባንክም ስትሄዱ ያለ እሱ የምታሳዩት የለም።

አሁን ወደ ስሙ። ከኮምቦልቻ ወልድያ ለሚሄድ ሾፌር የሚሰጥ ደብዳቤን ያስቡ። ፖስታው ላይ የላኪ ስም አለ። ውስጡ ያለው ደብዳቤ ግርጌም ስም አለ። ሁለቱ አንድ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ነገር የለም፤ ሾፌሩም ፖስታውን አይከፍትም። ኢሜይልም ሁለት ላኪ አለው። አንዱ ሰርቨሮች የሚነጋገሩበት የፖስታው ላኪ ነው። ሌላው ተቀባዩ ስልኩ ላይ የሚያየው «ከ» የሚለው ስም ነው።

ኤስፒኤፍ የሚያጣራው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ጓደኛዎ «ይበቃል» ያለው ይህን ስላላየ ነው። አጭበርባሪው ፖስታው ላይ የራሱን ዶሜይን (አድራሻው ውስጥ ከ@ በኋላ ያለውን ስም) ይጽፋል፤ ኤስፒኤፉም ትክክል ይሆንለታል። «ከ» ላይ ግን የሥራ አስኪያጃችሁን አድራሻ ያደርጋል። አስመጪው የሚያየው ይህንኑ ነው። ይህ ማለት ኤስፒኤፍ አይረባም ማለት አይደለም፤ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ሲያስገቡ መዝገቡ ለአንድ ዶሜይን አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለት ከሆኑ ሁለቱም እንደሌሉ ይቆጠራሉ። ውስጡ የሚጠቀሱ የሌሎች ድርጅቶች መዝገቦች ተደምረው ከ10 የዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስሞች መዝገብ) ጥያቄ እንዳያልፉ። መጨረሻውን በ«ፕላስ» ምልክት የጨረሰ ሰው ዓለምን ሁሉ ፈቅዷል። እኔ ለእናንተ የምመክረው ከ«ማይነስ» ይልቅ ለስላሳውን የ«ቲልዳ» ምልክት ነው። ደንበኛችሁ ኢሜይሉን ወደ ሌላ ሳጥኑ በራሱ እንዲተላለፍ ካደረገ ኤስፒኤፍ ይሰበራል። ጥብቅ ከሆነ እውነተኛው ሰነድ ዲኪሙ ሳይታይ በር ላይ ሊመለስ ይችላል።

ዲኪም የመልእክቱን ይዘትና «ከ» የሚለውን መስመር በሰርቨሩ የግል ቁልፍ ይፈርማል። ተቀባዩ ዲኤንኤስ ላይ ባለው የሕዝብ ቁልፍ ያረጋግጣል። መልእክቱ ካልተነካካ በሌላ ሰርቨር ቢያልፍም ፊርማው ይጸናል። ባለ 2048 ቢት ቁልፍ ይጠቀሙ። ዲኤንኤስ ላይ አንድ የጽሑፍ ክፍል ከ255 ፊደል ስለማይበልጥ ቁልፉ ተከፍሎ ነው የሚገባው። «ዲኪም አልሠራም» ብሎ ከሚያማርር ሰው ብዙው እዚህ ጋ ነው የተሳሳተው።

ሁለቱን የሚያስተሳስረው ዲማርክ ነው። «ተቀባዩ የሚያየው ዶሜይን ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ካረጋገጠው ዶሜይን ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ እንዲህ አድርጉ» ይላል። ያ «እንዲህ» ሦስት ዓይነት ነው፦ ዝም ብለህ አሳልፍ፣ ስፓም ውስጥ ክተት፣ መልስ። በሥራ አስኪያጁ አድራሻ የመጣውን ኢሜይል የሚያቆመው ይህ የመጨረሻው ነው። ነገር ግን ዛሬ ተነሥተው «መልስ» ላይ አያድርጉት። በ«አሳልፍ» ይጀምሩና ሪፖርት የሚቀበል አድራሻ ያስገቡ። ትልልቆቹ አገልግሎቶች በስማችሁ ማን ከየት እንደላከ በየቀኑ ይልኩላችኋል። ለጥቂት ሳምንታት ያንብቡት። የተረሳ ላኪ ይወጣል፤ ደረሰኝ የሚልክ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ዌብሳይቱ፣ ምናልባት ጅቡቲ ያለ ወኪላችሁ። እነሱን ካስተካከሉ በኋላ ወደ ስፓም፣ ከዚያ ወደ «መልስ» ይሂዱ። ብዙ ድርጅት «አሳልፍ» ላይ ትቶት ዲማርክ አለኝ ይላል። ያ ሪፖርት ብቻ ነው፤ ማንንም አይከላከልም።

ጂሜይል ለምን እንደሚመልስባችሁም ከዚሁ ይያያዛል። ጎግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ከማንኛውም ላኪ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም፣ እንዲሁም ከአይፒው ወደ ስም የሚመልስ ትክክለኛ የዲኤንኤስ መዝገብ ይጠይቃሉ። ብዛት ያለው ለሚልኩ ኤስፒኤፍን፣ ዲኪምንና ዲማርክን ሦስቱንም ይጠይቃሉ። ከአይፒ ወደ ስም የሚመልሰውን እርስዎ አይጽፉትም። አይፒውን የሰጣችሁ የኢንተርኔት አቅራቢ ነው የሚጽፈው፤ በደብዳቤ ይጠይቁ። ሰርቨሩ ራሱን ከሚጠራበት ስም ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።

አይፒ መቀየር ግን አይረዳም። ምክንያቱ ካልተነቀለ አዲሱ አይፒ በዚያው ፍጥነት ብላክሊስት ውስጥ ይገባል። ቀዳዳው ከተዘጋ ደግሞ አሮጌውን ማስለቀቅ ይቻላል። ብላክሊስቶችን በሚያወጣው ስፓምሃውስ ድረ ገጽ ላይ አይፒውን ይፈልጉና የትኛው ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ያንብቡ። «ፒቢኤል» ላይ ከሆነ ቅጣት አይደለም፤ ያ የአይፒ ክልል በቀጥታ ኢሜይል እንዲልክ አይጠበቅም ማለት ነው። ቋሚ አይፒ ከሆነ ማስወጫ ይጠይቁ፣ ካልሆነ በሌላ የታመነ ሰርቨር በኩል ይላኩ። በሌላ ዝርዝር ከሆነ ሪሌዩ መዘጋቱን ከውጭ ሞክረው ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ይጠይቁ። ሳይዘጋ አስወጥቶ ተመልሶ መግባት ቀጣዩን ማስወጣት ያከብደዋል።

ዲማርክ የማይደርስበትንም ይወቁ። አጭበርባሪው የእናንተን ዶሜይን ትቶ አንድ ፊደል ብቻ የሚለይ ሌላ ዶሜይን ቢገዛ ሁሉም ማጣሪያ ያልፍለታል፤ ዶሜይኑ በእርግጥ የእሱ ነውና። በአንድ ተራ የጂሜይል አድራሻ ላይ የሥራ አስኪያጁን ስም በአማርኛ ቢጽፍም ያው ነው፤ ስልክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሙ ብቻ ነው። ተቀባዩ ሰርቨር ዲማርክን የማያይ ከሆነም አይሠራም። በዚህ በኩል ያለው መከላከያ የሰው ነው። የሒሳብ ቁጥር ለውጥ በኢሜይል ብቻ እንደማታሳውቁ ለደሴም፣ ለወልድያም፣ ለከሚሴም ደንበኞቻችሁ በጽሑፍ ይንገሯቸው። ሲደውሉ በቀድሞው በሚያውቁት ቁጥር ይደውሉ፤ ኢሜይሉ ላይ በተጻፈው አይደለም። አስመጪውን ያዳነው ይኸው ነው፤ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፣ ሥራ አስኪያጁ ደውሎ ሊያመሰግነው ይገባል።

ሰርቨሩ ቢሮ መቅረት አለበት ወይ? መብራት መጥፋቱ ብቻውን ሰርቨሩን ለማንሣት ምክንያት አይሆንም። ላኪ ሰርቨሮች መልሰው ይሞክራሉ፤ ፖስትፊክስ ራሱ በነባሪ ለ5 ቀን ይሞክራል። ዋናው ጥያቄ በየቀኑ ሎጉን የሚያየው ሰው አለ ወይ የሚለው ነው። እርስዎ ፈቃድ ሲወጡ የሚተካዎት ከሌለ፣ የኢሜይሉን ሥራ ለሚያስተናግድ አገልግሎት ይስጡትና ዶሜይናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ እዚያም የእናንተው ሥራ ናቸው፤ ሪሌዩን ግን እነሱ ይጠብቁታል። እርስዎ ብቻዎን ኮምፒውተሩንም፣ ኔትወርኩንም፣ ፕሪንተሩንም የሚያዩ ከሆነ ይህኛውን ነው የምመክርዎት።

ያም ሆነ ይህ ዛሬ ማታ ከቢሮ ሳይወጡ ማይኔትወርክስን ያጥብቡ፣ ወረፋውን ያግዱ፣ በስልክ ኢንተርኔት ከውጭ ይሞክሩ። ራውተሩን ነገ ከሠራው ባለሙያ ጋር ሆነው ያስተካክሉ። ሰርቨሩ ሁለት ሌሊት ጸጥ ካለ በኋላ ኤስፒኤፍና ዲኪምን ያስገቡ፤ ዲማርክን በዚያው ቀን በ«አሳልፍ» ይክፈቱ። ለደንበኞች የሚሄደው ማሳሰቢያ ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ኢሜይላችሁ አሁን የማይታመን ስለሆነ በስልክና ማኅተም ባለበት ወረቀት፣ ነገ ጠዋት ይድረሳቸው።